ወላጅና መምህር አንድ ላይ ሲሠለጥኑ

ዛሬ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥልጠና ላይ ዋልኩ። በጣም ደስ ያለኝ ወላጆችም መጠራታቸው ነው። አሠልጣኟ ካርቶን ቆርጣ የአንድ ተማሪን ውሎ በሥዕል ደረደረችልን፦ ቦርሳ ማስቀመጥ፣ እጅ መታጠብ፣ ፊደል፣ ጨዋታ። ልጁ አንዱን በጨረሰ ቁጥር ሥዕሉን ገልብጦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንዲት እናት «እኔም ቤት ልለጥፈዋ! የኔ ልጅ የሚረበሸው እዚህና እዚያ ሲለያይበት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ ነው። ዛሬም ስንት እናት እንደሳቸው በር እያንኳኳች ነው! መምህራንም ቢሆኑ ሳይሠለጥኑ ምን ያድርጉ?

ሥዕሎቹን ፎቶ አንስቻለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።