ለግቢ ፕሮግራም ከማህተሙ በፊት ቁልፍ ያዡን ፈልጉ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ የተማሪዎችን ዜናና መጪ ፕሮግራሞች የሚያወጣውን የቴሌግራም ቻናል እስክመረቅ ድረስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሲያስረክበኝ የሰጠኝ ምክር "ፖስተሩ ቆንጆ ይሁን" የሚል ብቻ ነው። ፖስተሩ ቆንጆ ነበር። አዳራሹ ነው የተቆለፈው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ዜና አይጠፋም። ሬጅስትራር ይለጥፋል፣ ክለቦች ይልካሉ፣ መታወቂያ የጠፋበትም ፍላሽ ያገኘም ይጽፍላችኋል። ማስታወቂያን በፎቶ ብቻ አትልቀቁ። ፎቶ ዳታ ይበላል፣ ከወር በኋላም በፍለጋ አይገኝም። ዋናውን ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ፖስተሩ ከኋላ ይምጣ።

ቀን ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንዳንድ ክፍሎች ማስታወቂያቸውን በፈረንጆች ቀን ነው የሚልኩት። ኦክቶበር 12 አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 2 ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን ጥቅምት 1 ይሆናል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ ቀን አትገልብጡ። "2:00" ብሎ የላከውንም ሰው ደውላችሁ ጠይቁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይሁን ከሰዓት በኋላ ስምንት፣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ዕለቱ ያልተጻፈበትን ማስታወቂያ አልለቅም ነበር። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚለው ሲጨመር የተሳሳተ ቀን ወዲያው ይጋለጣል።

ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምንም አትያዙ፣ ጁምዓ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። በረመዳን ደግሞ ወደ ምሽት የሚገፋ ፕሮግራም ከኢፍጣር ጋር ይጋጫል። ወሎ ውስጥ ይሄ ይነገራል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ሲረሱት ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ ተማሪ የሆነ ሁሉ በዚያ ዓመት እንቅልፍ የለውም። እኛም ፈተናውን ያለፉ ልጆች መጥተው ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ አንድ ከሰዓት አዘጋጀን። ኮምቦልቻ ግቢ ያሉትን ተማሪዎችም ጋበዝን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። ከታች በቲሸርት የተሳፈረ ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል።

መመሪያው ግልጽ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ዲኑ ይመሩታል፣ ጠቅላላ አገልግሎት ይፈቅዳል፣ ማህተም ይመታል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ይወጣል። አንዷንም አልዘለልኩም። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ስባል ቆምኩ። "ነገ ተመለስ" ስባል ተመለስኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር የሚሰጠው ሰው ምሳ ወጥቶ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ክብ፣ ጥርት ያለ ማህተም አገኘሁ። ማስታወቂያውን በደስታ ለቀቅኩት።

በቀኑ ረፋድ ላይ ወንበር ልናስተካክል ስንሄድ አዳራሹ ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡ ጋሼ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። "ከላይ የመጣ ስብሰባ አለ፣ ከሰዓት እነሱ ናቸው የሚገቡት" አሉኝ። ደብዳቤዬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡትና "ልጄ፣ እኔ እኮ ግልባጭ ላይ የለሁም" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ደብዳቤው ሥር "ግልባጭ" የሚለውን አየሁት። ለዲኑ አለ። ለተማሪዎች ኅብረት አለ። ለቁልፍ ያዡ የለም። ለጥበቃ የለም። ሞንታርቦው ላለበት ንብረት ክፍል የለም። ያን ሁሉ ቢሮ የዞረ ወረቀት በር ለሚከፍተው ሰው ብቻ አልደረሰም።

ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ኃላፊው ደብዳቤውን አገላብጠው "ይሄ ትክክል ነው" አሉ።

"ታዲያ አዳራሹስ?"

"አዳራሹ ተይዟል።"

ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ እስካሁን አልገባኝም። "ለሌላ ቀን አስተላልፉት" ብለው ስልካቸውን አነሱ። የኮምቦልቻ ልጆች በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ። እንግዶቻችን ደግሞ ከሥራቸው አስፈቅደው ነው የመጡት። ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም።

ቻናሉ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አስተካከልኩት። ምን ዋጋ አለው! የሚቀየረው ቻናሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ወደ ባች ግሩፖች ፎርዋርድ የተደረገው እንዳለ ይቀራል። ሰው ሁሉ የድሮውን ይዞ ወደ ተቆለፈው አዳራሽ መጣ። የኮምቦልቻዎቹ በር ላይ ቀሩ። መታወቂያቸውን ያሳያሉ፣ ጥበቃው "በደብዳቤ አልተገለጸልንም" ይላል። ጥበቃውን አልፈርድበትም። ሳይነገረው ቢያስገባ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ የምፈርደው "ይህን የሚመለከታቸው ያውቁታል" ብሎ ማህተም በሚመታ ቢሮ ላይ ነው።

ያዳኑን ቁልፍ ያዡ ናቸው። ስመላለስ አይተው "አብሽር" አሉና አንድ ያረጀ መማሪያ ክፍል ከፈቱልን። ወንበሩ አልበቃም፣ መስኮት ላይ የተቀመጠ ነበር። ድምፅ ማጉያ ስለሌለ እንግዶቹ ጮኸው ተናገሩ። የኮምቦልቻዎቹ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ገቡ፣ ግን ግማሹ ንግግር አልፏቸዋል። መመለሻ ታክሲ እንዳያጡ ብለው ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ ወጡ። ለእነሱ ነበር እኮ የተዘጋጀው!

ከሁሉ የከነከነኝ ግን በኋላ የመጣው ነው። ያው ቢሮ ደውሎ "የፕሮግራሙን ፎቶ ላኩልን፣ ለሪፖርት" አለ። የተቆለፈውን በር ፎቶ ላክኩላቸው። መልስ አልመጣም። አሁንም ደግ አደረግኩ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ገለበጥኩት። መመሪያው ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። እኔ ከታች ጀመርኩ። መጀመሪያ ቁልፍ ያዡ ጋ ሄጄ የዚያ ሳምንት አዳራሹ በማን እንደተያዘ እጠይቃለሁ። እሳቸው ከቢሮው በፊት ያውቃሉ። ስልካቸውን ያዙ፣ በበዓል ደውላችሁ እንኳን አደረስዎ በሉ፣ ሥራ ሲኖር ብቻ አትታዩ። ደብዳቤውን ስትጽፉ ግልባጩን ራሳችሁ ሙሉት፤ ቁልፍ ያዥ፣ ጥበቃ፣ ንብረት ክፍል። ኮፒውን ደግሞ በእጃችሁ ስጡ። መዝገብ ቤት ያደርሰዋል ብላችሁ እንዳትተኙ። ከሌላ ግቢ የሚመጣ እንግዳ ካለ ስም ዝርዝሩ ከዋዜማው በር ላይ ይድረስ።

ትልቁን አዳራሽም አትመኙ። እሱን የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ስብሰባ ሲመጣ የሚነሳው ደግሞ ተማሪ ነው። ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ክፍል ያዙ። "ክብር ያለው ቦታ ይሁን" የሚሏችሁን አትስሙ።

ማስታወቂያውን ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ቀኑን ብቻ ልቀቁ፣ ቦታውን በዋዜማው። መመሪያው ያለ ማህተም ምንም አይለቀቅ ይላል። እኔ ቀኑን ቀድሜ እለቅ ነበር፤ ማህተም ኖሮኝ የሆንኩትን አይቻለሁ። ለውጥ ከመጣ የድሮውን አታስተካክሉ፣ "ለውጥ" ብላችሁ አዲስ ልቀቁ። ፎርዋርድ የሚደረገው አዲሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጂሲ ሆናችሁ ቻናሉን ለታናሾቻችሁ ስታስረክቡ ፓስወርድ መስጠት አይበቃም፣ ባለቤትነቱን ማዛወር አለባችሁ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከከፈታችሁ ቢያንስ 7 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ሻንጣ መሸከፍ ሳትጀምሩ ክፈቱት።