«ብቻዋን መስሎህ ነው»

ቶኪዮ በገባሁ ማግስት፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአክስቴ ልጅ ከሚኖርበት ከካትሱሺካ ባቡር ተሳፈርኩ። እኔ ደርሻለሁ፣ እንቅልፌ ግን ገና ከአሜሪካ አልመጣም። አጠገቤ የቆመችው ተማሪ ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋለች፤ ያዘለችው የቆዳ ቦርሳ ከጀርባዋ ይሰፋል። የባቡር ካርዷ በሚሳብ ገመድ ቦርሳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ደግሞ አደጋ ሲመጣ ተስቦ የሚጮኽ፣ እንቁላል የምታክል ደወል አለች። እናቷን በዓይኔ ፈለግሁ። የለችም። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ልጅቷ በአዋቂዎቹ እግር መሀል ተሽሎክልካ ወረደች። ዞር ብሎ ያያት እኔ ብቻ ነኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትጠብቅበት ቦታ ከበራችን ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እሷን ሳላሳፍር ግን ንቅንቅ አልልም። ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ አንድ ቀን «ምን ይገትርሃል? ጅብ ይበላታል?» አለችኝ። ጅብ እንኳ የለም፣ የሚያስፈራኝ ለፖሊስ ስልክ የሚደውል ሰው ነው። እዚያው እኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ብቻቸውን በእግራቸው ወደ ቤት ሲመጡ ፖሊስ አስቁሟቸው፣ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ወላጆቻቸው ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ነገሩ የአሜሪካ ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ከረመ። እኛ ሐበሾቹም ከዚያ ወዲህ ልጅ ሱቅ መላክ የሚባለውን ነገር እርም አልን።

ማታ ላይ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። «ብቻዋን መስሎህ ነው» አለ። በባቡር የሚመላለሱት በአብዛኛው የግል ትምህርት ቤት ልጆች እንደሆኑ፣ የመንግሥቶቹ በእግራቸው እንደሚሄዱ ነገረኝና በነጋታው ይዞኝ ወጣ። እውነትም ብቻቸውን አይደሉም። መሻገሪያው ላይ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ቢጫ ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። አንዳንዱ ሱቅና ቤት ላይ «የልጆች 110» የሚል ምልክት ተለጥፏል፤ 110 የፖሊስ ስልክ ነው፣ የፈራ ልጅ እዚያ ዘው ብሎ ቢገባ ያስጠጉታል። ቢጫ ኮፍያ ያደረገ አንድ ትንሽ ልጅ እጁን ቀጥ አድርጎ አንሥቶ ተሻገረ፤ ማዶ ሲደርስ ዞሮ፣ ለቆመለት ባለመኪና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ባለመኪናውም አንገቱን ሰበር አደረገ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት አያቴ ዘንድ ነው።

የቀረው ልዩነት ብዙም አልገረመኝም። ቲፕ የለም፤ ዋሽንግተን እንደገባሁ መጀመሪያ የበላሁት እንጀራ የቲፕ ስለነበር ይህኛው ቅር አለኝ። የሙዝ ልጣጭ በኪሴ ይዤ ግማሽ ቀን ዞርኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ምድር ለምድር ባቡሩ ላይ የሳሪን መርዝ ከተለቀቀ በኋላ ብዙው የቆሻሻ መጣያ ከየጣቢያው ተነሥቷል፣ ሰው ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ስልኩ ግን አይረሳኝም። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም። እናቴ ደወለችና አንስቼ «እማዬ፣ በኋላ» አልኩ፤ እሷ ደግሞ በ«በኋላ» የምትመለስ ሴት አይደለችም። ማንም አልተናገረኝም፣ ቀና ብሎ ያየኝም የለም። የአሜሪካ ሰው ቢሆን ወይ ይቆጣኛል፣ ወይ ከእኔ ባሰ ድምፅ ያወራል። እዚህ ዝም ብለው ለራሴ ተዉኝ፤ ፊቴ ጋለ። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ለአሜሪካ የሥራ ባልደረቦቼ ማስረዳት አሥራ አንድ ዓመት አቅቶኛል። ባቡር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን የሚያውቀው መሰለኝ።

ግን ይሉኝታም ለሁሉ እኩል አይደርስም። የአክስቴ ልጅ ቤት ሲፈልግ ሁለት አከራዮች የውጭ ሰው አናስገባም ብለውታል፣ ያውም ጎንበስ ብለው፣ ይቅርታ ጠይቀው። ባቡር ውስጥም ከሱ አጠገብ ያለው ወንበር የሚያዘው ሌላው ሁሉ ከሞላ በኋላ ነው። የእኔ የሜሪላንድ አከራይ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎልኝ አያውቅም፤ ከየት እንደመጣሁም አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ክሬዲቴን፣ የብድር አከፋፈል ታሪኬን ነው።

በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ሠፈር ውስጥ ካለው መናፈሻ ተቀምጠን ሳለ ከድምፅ ማጉያ ለስለስ ያለ ዜማ ተለቀቀ። ለአደጋ ጊዜ የተተከለው ማጉያ ነው አለኝ፤ በየቀኑ ይሞከርበታል፣ ልጆችም ወደ ቤት መግቢያቸውን ያውቁበታል። ኳሱን የያዘው ኳሱን አቀፈ፣ ቦርሳውን የጣለ አነሣ፤ ጠሪ ሳይጠራቸው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተበታተኑ። በስልኬ ቀርጬ ለልጄ ላክሁላት። ሜሪላንድ ገና አልነጋም ነበር። ስትነቃ የመለሰችልኝ የድምፅ መልእክት አጭር ነው፤ «አባ፣ የሚወስዳቸው ማነው?»