ጀርባውን ሳልገልጥ ያጠብኩት ምንጣፍ

ምንጣፍ እጥበት ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነበር። አንዲት እናት የካሻን ምንጣፍ ይዘው መጡ። ካሻን ኢራን ውስጥ ያለች፣ በምንጣፍ ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ መደቡ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ነው።

«ልጄ፣ አደራህን። ባለቤቴ በሕይወት እያለ የገዛው ነው» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ አዲስ አስመስለን ነው የምንመልስልዎት» አልኳቸው። ይህን ቃል ስገባ ምንጣፉን ገና ገልብጬ አላየሁትም።

የቤታችን ደንብ ግልጽ ነበር። የመጣ ምንጣፍ መጀመሪያ ይገለበጣል። ጀርባው ስንዝር በስንዝር ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚያ አቧራው ይራገፋል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይፈተናል። በዚያን ቀን ግን ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር። ፊቱ ደግሞ ደህና ነው፤ ሱፉ ቆሟል፣ ቀለሙ ያበራል። ስለዚህ ፊቱን ብቻ በቫኪዩም ሳብኩት። ነጭ ጨርቅ አርሼ ቀዩ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። በቃ ቀለም አይለቅም ብዬ ወደ እጥበት አስገባሁት።

ታጥቦ ሲያልቅ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን አነሳነው። ደረቁን ከ20 ኪሎ የማያንስ ምንጣፍ ውሃ ሲጠጣ ለሁለት ሰውም ይከብዳል። ገና ከመሬት ሳይርቅ «ጭርርር» አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዱ ጥግ አካባቢ አንድ ስንዝር ያህል ተቀደደ።

ጋሼ፣ የሥራ ኃላፊያችን፣ አልጮኸብኝም። ምንጣፉን በቀስታ አስገለበጠን። ጀርባው ላይ ቡናማ ክብ ነበር፣ የማሰሮ ቂጥ የሚያክል። ከተቀደደው ጠርዝ አንድ ክር ይዞ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። ክሩ እንደ ደረቅ ገለባ ተሰባበረ።

«የአበባ ማሰሮ ነው» አለ።

ነገሩን ያስረዳኝ እዚያው ቆመን ነው። ፊት ለፊት የምናየው የቆመው ሱፍ ነው። ሱፍ እርጥበትን ቶሎ አይሸነፍለትም። ምንጣፉን የያዙት ግን ከስር ያሉት ድርና ማግ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በካሻን ምንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ናቸው። ከማሰሮው የወረደው ውሃ ሱፉን አልፎ ጥጡ ውስጥ ይቀመጣል። በማሰሮውና በወለሉ መካከል አየር ስለሌለ አይደርቅም፣ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ፊቱ እያማረ አጥንቱ ያልቃል። ጀርባውን አጠፍ አጠፍ አድርጌ ብሰማው ኖሮ ገና በደረቁ «ጠቅ ጠቅ» ይለኝ ነበር።

ማታ ስንወጣ ሌላም ነገር ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1949 ሳይቤሪያ፣ አልታይ ተራሮች ላይ፣ ፓዚሪክ በተባለ ቦታ ከአንድ መቃብር የተቋጠረ ምንጣፍ ወጥቷል። ከ2,200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መቃብሩ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ነው ያቆየው። «ያንን ውሃ አቆየው፣ ይህንን ውሃ በላው» አለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ራሴ ደወልኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ሦስት ዓመት እዚያ ነበር የተቀመጠው። ግን ከስሩ የሸክላ ሳህን አድርጌለት ነበር፤ ጠብታ አልፈሰሰም» አሉ። ሸክላ እኮ ያልበዋል፣ ሳይፈስም እርጥበቱን ያሳልፋል። «እኔ ነኛ ያበላሸሁት?» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። «አይደለም እማማ፣ ሳላጥበው አይቼ ልነግርዎት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ» አልኳቸው። የጥገናውን ወጪ ቤታችን ቻለ።

ጥገናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባለሙያዋ አዲስ የጥጥ ድር ወጠረች፣ ማግ አስገባች፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቋጠረች። የተጠቀመችው የፋርስ ቋጠሮ ነው፤ ሱፉ አንዱን ድር ይጠመጥምና በሌላው ስር ያልፋል። የቱርኩ ቋጠሮ ሁለቱንም ድር ስለሚጠመጥም እዚህ ቢገባ ይለያል። በወርዱም በቁመቱም በ10 ሳንቲ ሜትር 50 ቋጠሮ ቆጠርኩ። አስሉት፤ ምንጣፉ በሙሉ አንድ ሚሊዮን ተኩል ቋጠሮ ነው። ያንን ሁሉ የሰው ጣት ነው የቋጠረው። ከዚያን ቀን በኋላ ምንጣፍ ስነካ እጄ ይጠነቀቃል።

እማማ ሊወስዱት ሲመጡ «እንግዲህ እንዴት ልያዘው?» አሉኝ። አበባው ምንጣፍ ላይ እንዳይመለስ ለመንኳቸው። ዘርፉን በቫኪዩም እንዳይስቡት ነገርኳቸው፤ ዘርፉ ጌጥ ይመስላል እንጂ የድሩ ጫፍ ነው፣ እሱ ሲበጠስ ቋጠሮው መፈታት ይጀምራል። የቫኪዩሙ ተሽከርካሪ ብሩሽም ይቅር። ነገር ከፈሰሰ በነጭ ጨርቅ ጫን ጫን ማድረግ እንጂ ማሸት አይሆንም። በረኪና ደግሞ በጭራሽ፤ ሱፍን ያሟሟል። በየስድስት ወሩ ምንጣፉን አዙሮ ማንጠፍም ጥሩ ነው፤ ፀሐዩም እግሩም ለሁሉም ቦታ እኩል ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ሶፋው ስር ያለውን ክፍል ገለጥ አድርገው እንዲያዩ አደራ አልኳቸው። ብል ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ይወዳል፤ ሱፉን የሚበላው ትሉ ነው።

ሁሉንም በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «እስቲ ገልብጥልኝ» አሉ። ገለበጥኩላቸው። ፊቱ ላይ ጥገናው አይለይም፤ ጀርባው ላይ ግን አዲሱ ጥጥ ነጣ ብሎ ይታያል። ጣታቸውን አሳረፉበትና ዳር ዳሩን ቀስ እያሉ ዳሰሱት።