ጥሩ፣ አልፎ አልፎ መጥፎ

እዚህ ቤት ሁለት ሬዲዮ አለ። አንዱ ማድ ቤት፣ አንዱ ፎቅ እማማ መኝታ ክፍል። ሁለቱም ጠዋት ተከፍተው የሚዘጉት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ጣቢያቸው አንድ ነው፤ ቢቢሲ ሬዲዮ 4። ዘፈን የለ፣ ማስታወቂያ የለ፤ ከጠዋት እስከ ሌሊት ወሬ ብቻ።

ግን ሁለቱ እኩል አይናገሩም። የታችኛው አሮጌ ኤፍ ኤም ነው፣ የላይኛው ዲጂታል። ዲጂታሉ ድምፁ ተጨምቆ ተልኮ እንደገና እስኪፈታ ትንሽ ሰከንድ ይዘገያል። ልብስ ተሸክሜ ደረጃው መሀል ስደርስ፣ ታች የተጀመረውን ላይ ይቀበሉታል። ግራና ቀኝ ቆመው የሚቀባበሉ የቤተ ክርስቲያን ደብተራዎች በሉት።

እማማ የምላቸው የምንከባከባቸውን እንግሊዛዊት ነው። የምንኖረው ሌስተር ነው። "በስሜ ጥሪኝ" ብለው ነበር፣ አፌ እምቢ አለ። 88 ዓመታቸው ነው እኮ!

ያለፈውን ዓመት አንድ ሐሙስ ልንገራችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት "ቱዴይ" ይጀምራል። (እኔ ዛሬም በሐበሻ ሰዓት ነው የምቆጥረው። "ዎርልድ አት ዋን" የሚሉት የምሳ ሰዓት ዜና ለእኔ 7 ሰዓት ላይ ነው። ስሙ እስካሁን ግራ ያጋባኛል።) እስከ 3 ሰዓት ዜናና ቃለ ምልልስ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ጋዜጠኛው ሚኒስትሩን ሲያቋርጠው ደንግጬ ነበር። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ አራቴ። ገንፎዬን እያማሰልኩ "ይሄ ልጅ ዛሬ አለቀለት" አልኩ። በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ ሌላ ሚኒስትር ያቋርጣል። መሀል ላይ አንድ የሃይማኖት ሰው ሦስት ደቂቃ ያህል ይናገራል። እማማ እሱ ሲመጣ ድምፁን ይቀንሳሉ። እኔ ማድ ቤት ከፍ አደርገዋለሁ።

3 ሰዓት ላይ "ኢን አወር ታይም" ነው። ያኔ የሚመሩት ሜልቪን ብራግ ነበሩ፤ ከ1998 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሳይታክቱ። ሦስት ምሁራን ይቀመጣሉ፣ አንድ ርዕስ ይወረወርላቸዋል። አንድ ሳምንት ፕላቶ፣ ሌላ ሳምንት ጥቁር ጉድጓድ። ምሁሩ ነገር ሲያንዛዛ ብራግ ቶሎ ቶሎ ይሉታል። አንዳንዴ ከግማሽ በላይ አይገባኝም፤ ሰው አንድ ነገር ይህን ያህል ወዶ ሲያወራ መስማት ግን ደስ ይላል። ከዚያ 4 ሰዓት "ዉመንስ አወር"፣ የሴቶች ሰዓት ማለት ነው። በ1946 ሲጀመር የመጀመሪያው አቅራቢ ወንድ ነበር። እማማ ይሄንን በየጊዜው እንደ አዲስ ይነግሩኛል፣ በየጊዜው ይስቃሉ።

ከሰዓት በኋላውን እለፉት። ድራማ ነበር፣ እኔ ፍራሽ እያገላበጥኩ ነበር።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ቢግ ቤን በቀጥታ ከማማው ይደወላል። እኛ ቤት ሁለቴ ነው የሚደወለው፤ ታች አንዴ፣ ላይ አንዴ። 1 ሰዓት ሲል ደግሞ ጸጥታ ይታዘዛል። "ዘ አርቸርስ" ነው። አምብሪጅ የምትባል የፈጠራ መንደር የገበሬዎች ተከታታይ ድራማ። ከ1951 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይተላለፋል። ያኔ ምግብ በራሽን ነበር፤ ድራማውም ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ምክር ማቀበያ ታስቦ ነው የተጀመረው። ከሬዲዮ 4 መጀመሪያ የገባኝ ፕሮግራም ይሄ ነው። ኩታበር ያደገ ሰው የፖለቲካ እንግሊዝኛ ባይገባው፣ በግ ስትወልድ ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ ይገባዋል። እንዲያውም አንድ ማታ እንባዬ መጣ። እማማ አይተውኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ያ የምጥ ድምፅ እርጎ ሲንቦጫረቅና እርጥብ ፎጣ መሬት ላይ ሲጣል ነው። ለእርጎ ነው ያለቀስኩት!

እማማ በ4 ሰዓት ይተኛሉ። ሬዲዮው ግን እንደተከፈተ ነው፤ ካጠፋሁት ይነቃሉ። እኔ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ማድ ቤት ሻይ ይዤ እቀመጣለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ላይ የመርከበኞች የአየር ጠባይ ዘገባ ይነበባል። በእንግሊዝ ዙሪያ ያለው ባሕር በ31 ክፍል ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ወጥቶለታል። ዶገር፣ ፊሸር፣ ጀርመን ባይት። ንፋስ፣ ዝናብ፣ ከዚያ የእይታው ርቀት፤ "ጥሩ፣ አልፎ አልፎ መጥፎ"። አንባቢዋ አትቸኩልም፣ አታጋንንም። ሌስተር ባሕር የለም። የእማማ ባል የባንክ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጀልባ ላይ ሲወጡ ያስመልሳቸው ነበር አሉ። ማን ሊጓዝ ነው ይሄንን የምንሰማው?

አባዬ በደርግ ጊዜ ማታ በሩን ዘግቶ ሬዲዮኑን ከዳንቴሉ ሥር ያወጣና ዶይቸ ቨለን ይፈልግ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይለጥፋል። ሞገዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሹሹታው ውስጥ አንድ ሰው ረጋ ብሎ ሲናገር ግን እንቅልፌ ይመጣል። ያን እንቅልፍ መልሼ ያገኘሁት ዶገርና ፊሸር ላይ ነው።

ባለፈው እህቴ ከደሴ ደውላ "እንዴት ነሽ?" አለችኝ። "ጥሩ፣ አልፎ አልፎ መጥፎ" አልኳት። "ምን ሆነሻል?" ብላ ደነገጠች። ሳስረዳት ካርዷ አለቀ።

የዚያን ሐሙስ ሌሊትም ዘገባው አልቆ የንጉሡ መዝሙር ተመታ። 7 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የታችኛውን ዘጋሁና ስኒዬን አለቀለቅኩ። ፎቅ ላይ መዝሙሩ ገና አላለቀም ነበር።