የበረራ ዕቅድ ሶፍትዌርን በምን እመዝናለሁ?

በቨርጂኒያ ከማናሳስ ተነሥቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች አቅጣጫ ሮአኖክ የሚያደርሰው መንገድ በቀጥታ ቢበሩት ወደ 140 የባሕር ማይል ነው፤ አዲስ የበረራ ዕቅድ ሶፍትዌር ሲገጥመኝ ሁልጊዜ የምፈትነው በዚሁ መንገድ ነው። አስቀድሜ ሴስና 172ኤስ በምትባለው ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ማኑዋል ሠንጠረዦች ጊዜውንና ነዳጁን በእርሳስና በወረቀት አሰላለሁ፤ ሶፍትዌሩን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ የሞከርኩት አንዱ ሶፍትዌር እኔ ካሰላሁት በ2 ጋሎን ያነሰ ነዳጅ ሰጠኝ። ነገሩን ስመረምር የነዳጅ ፍጆታውን ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ አኃዝ ብቻ የሚያሰላ ሆኖ አገኘሁት፤ ሞተር ለማስነሣት፣ መሬት ላይ ለመንቀሳቀስና ለመነሣት ማኑዋሉ ለብቻው የሚያስይዘውን 1.4 ጋሎንም ሆነ እስከ 6,500 ጫማ ሲወጣ የሚቃጠለውን ተጨማሪ ነዳጅ አልቆጠረም። በሰዓት 10 ጋሎን ለሚፈጅ አውሮፕላን 2 ጋሎን ማለት 12 ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ደንብ በቀን በዕይታ ለሚበር አብራሪ የሚያስገድደው መጠባበቂያ ደግሞ 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ከትንበያው ከበረታ፣ አለኝ ብዬ ከተማመንኩበት የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ውስጥ 12ቱ ደቂቃ ከመነሻው አልነበረም ማለት ነው። ስሕተት መኖሩ ብቻ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አንድም መስመር በገጹ ላይ አለመኖሩ ነው።

ማናሳስ በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል በሚሰፋው ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ የበረራ ዕቅድ ሳያስገቡና አውሮፕላኑ በራዳር የሚለይበትን ኮድ ሳይቀበሉ ከዚያ መነሣት አይቻልም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ይህን ክልልና ጊዜያዊ የበረራ እገዳዎችን በካርታው ላይ እንዲያሳየኝ፣ መረጃው በስንት ሰዓት እንደታደሰም እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ቤት ቁጭ ብሎ ካርታ ለማጥናት ነጻው ድረ ገጽ ስካይቬክተር ይበቃኛል። ለበረራው ግን ፎርፍላይት የተባለው መተግበሪያ በመንገዴ ላይ ያሉትን ካርታዎችና የአየር ሁኔታ መረጃዎች አስቀድሞ አይፓዱ ላይ ማውረዱን እወድለታለሁ፤ ተራሮቹ መካከል ኢንተርኔት መጠበቅ አይገባም።

በመጨረሻ፣ በዚያ ባልበርም፣ አዲስ አበባ ቦሌን አስገባለሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከፍታ 7,625 ጫማ ነው፤ የአየር ግፊቱን መደበኛ፣ ሙቀቱን 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባደርገው ሞተሩና ክንፉ አየሩን የሚያገኙት ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳሉ ያህል ሳስቶ ነው። በዚህ አየር ለመነሣት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። እስካሁን ከሞከርኳቸው ውስጥ የዓመት ክፍያ የከፈልኩት ይህን የመንደርደሪያ ርቀት ሳልጠይቀው ከማኮብኮቢያው ርዝመት አጠገብ ላስቀመጠልኝ ሶፍትዌር ነው።