አምስተኛው ንባብ የት ገባ?

ጅማ ውስጥ ለቡና መጋዘኖች የእርጥበት መለኪያ በሚሠራ ወርክሾፕ የታየ ችግር ነው። መሣሪያው ከአንድ ሎት አምስት ንባብ ወስዶ ወደ ኮምፒውተር ይልካል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ግን አራት ናቸው። ኮምፓይለሩ አላስጠነቀቀም፣ ፕሮግራሙም አልቆመም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ገመዱ ነበር።

ፓኬቱ (መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚልከው የመረጃ ጥቅል) የሲ ስትራክት ነው፣ ማለትም በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተለያዩ መስኮች ተራ በተራ የሚቀመጡበት መዋቅር፦ 4 ባይት የሎት ቁጥር፣ ቀጥሎ የንባቦቹ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ባለ 2 ባይት ንባቦች የሚደረደሩበት ፍሌክሲብል አሬይ (ርዝመቱ አስቀድሞ ያልተወሰነ ድርድር)፤ ቅንፉ ባዶ የሚተወውና ከሲ99 (የ1999 የሲ ደረጃ) ጀምሮ የተፈቀደው ዓይነት። ብዛቱ ድሮ 4 ባይት ነበር፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል 1 ባይት ተደረገ። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። አሬዩ ከስትራክቱ መነሻ 8 ባይት ርቆ ይጀምር የነበረው አሁን 6 ባይት ላይ ይጀምራል (4 እና 1 ሲደመሩ 5 ነው፤ ባለ 2 ባይት ንባብ ግን በ2 በሚካፈል ቦታ መጀመር አለበት)፤ የስትራክቱን ጠቅላላ መጠን የሚናገረው ሳይዝኦፍ ግን ዛሬም 8 ይላል። የሎት ቁጥሩ የ4 ባይት አላይንመንት (በ4 በሚካፈል አድራሻ ላይ መቀመጥ) ስለሚፈልግ የስትራክቱ መጠን በ4 እስኪካፈል ድረስ በፓዲንግ (በባዶ ባይቶች) ይሞላል።

ተቀባዩ ኮድ ከፓኬቱ ርዝመት ሳይዝኦፍን ቀንሶ ለ2 ያካፍላል። የአምስት ንባብ ፓኬት 16 ባይት ነው፤ 8 ሲቀነስለትና ለ2 ሲካፈል 4 ይመጣል። የባሰው ባዶው ፓኬት ነው፦ ከ6 ላይ 8 ሲቀነስ ቁጥሩ ኔጌቲቭ መሆን ስለማይችል በ64 ቢት ማሽን 19 አሃዝ ያለው ብዛት ይወጣል፣ ፕሮግራሙም የራሱ ያልሆነ ሜሞሪ ማንበብ ይጀምራል።

በተቀባዩ ኮድ ሳይዝኦፍ በኦፍሴትኦፍ (አሬዩ ከመነሻው ስንት ባይት ርቆ እንደሚጀምር በሚናገረው) ተተካ፤ ርዝመቱ ከ6 ባይት ያነሰ ፓኬትም ሳይሰላ ይጣላል። ሜሞሪ በሚመድበው ማሎክ ላይ ያለው ሳይዝኦፍ ግን እንዳለ ቢቀር ይሻላል፤ ቢበዛ 2 ባይት ያባክናል እንጂ አይጎዳም። ስትራክቱን በእኩል ምልክት መገልበጥ ግን ክልክል መሆን አለበት፦ ንባቦቹ አብረው እንደሚሄዱ ዋስትና የለም።

ለፈተና 0፣ 1 እና 5 ንባብ ያላቸው ፓኬቶች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ፓኬት በልኩ በተመደበ ሜሞሪ ላይ ይቀመጥና በአድረስ ሳኒታይዘር (ከተመደበው ሜሞሪ ውጭ ማንበብን በሚይዝ መሣሪያ) ይሂድ፤ ትርፍ ቦታ ከተሰጠው ስህተቱ ይደበቃል። አሬዩ 6 ላይ መጀመሩን በስታቲክ አሰርት ማሰር ደግሞ ቀጣዩን የመስክ ለውጥ ገና ኮምፓይል ሲደረግ ያስቆመዋል። ቅንፋቸው ውስጥ 1 የተጻፈባቸው የድሮ ስትራክቶች ካሉ በጂሲሲ ኮምፓይለር ስሪት 13 የስትሪክት ፍሌክስ አሬይስ ትእዛዝን በደረጃ 3 ማብራት ነው፦ ያለዚያ ኮምፓይለሩ መጨረሻ ላይ ያለን ማንኛውንም አሬይ እንደ ፍሌክሲብል ስለሚቆጥር የወሰን ፍተሻው ያልፋቸዋል።