ዌስት ናይል ቫይረስን በዘረመሉ መለየት፦ የሦስተኛ ወር የልምምድ ማስታወሻ

ባለፉት አራት ሳምንታት ከላቦራቶሪ ሥራዬ ውጭ ባገኘሁት ትርፍ ሰዓት፣ በትንኝ የሚተላለፉና የአንጎል ብግነት የሚያስከትሉ ቫይረሶችን በዘረመል ቅደም ተከተላቸው መለየትን ስለማመድ ቆይቻለሁ። ለመለማመጃ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዮርክ የተከሰተውን ወረርሽኝ ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራ የተሳሳተበትን መንገድ ራሴ ተከትዬ ማየት ፈልጌ ነበር።

በዚያ ክረምት በኩዊንስ የታመሙ ሰዎች ናሙና፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል በሚያመርተው ፕሮቲን (በአንቲቦዲ) ሲመረመር፣ ውጤቱ የሴንት ሉዊስ የአንጎል ብግነት ቫይረስን አመለከተ። በከተማዋ ግን ቁራዎች በብዛት ይሞቱ፣ በብሮንክስ መካነ አራዊትም ወፎች ይረግፉ ነበር፤ የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ደግሞ ወፎችን እንዲህ አይገድልም። ሴንት ሉዊስና ዌስት ናይል ቫይረሶች የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ሰውነት ለአንዱ ያዘጋጀው አንቲቦዲ ከሌላውም ጋር ይጣበቃል፤ ወንድማማቾችን ከኋላ አይቶ ለመለየት እንደ መሞከር ነው። ዘረመሉ በተነበበ ጊዜ በ1937 በኡጋንዳ መጀመሪያ የተገኘው ዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ በ1998 በእስራኤል ከዝይ ከተወሰደው ጋርም ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰል ነበር።

ይህንኑ ለመድገም ቅደም ተከተሎችን ለሁሉም ክፍት ከሆነው የዘረመል መረጃ ቋት ከጂንባንክ አውርጄ ባሰልፋቸው፣ የመጀመሪያው የዝምድና ዛፌ የኒው ዮርኩንና የእስራኤሉን ቫይረስ አራርቆ አስቀመጣቸው። ሁለት ምሽት ከተብሰለሰልኩ በኋላ እንደገባኝ፣ የአንዱን 11,000 ገደማ ፊደል ያለውን ሙሉ ዘረመል፣ የሌላውን ግን የሽፋን ፕሮቲኑን ጂን ቁራጭ ብቻ አስገብቼ፣ ፕሮግራሙ የጎደለውን ሁሉ እንደ ልዩነት እንዲቆጥር ትቼው ኖሯል። ሁሉንም በአንድ ጂን ልክ ቆርጬ ስደግመው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሴንት ሉዊስም ራቅ ብሎ በሌላ ቅርንጫፍ ወጣ።

ዘረመል ሁሉን ይፈታል የሚለው ግለቴ የቀዘቀዘው ወደ ሕሙማን ምርመራ ስመለስ ነው። ቫይረሱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት በመሆኑ፣ የአንጎል ምልክቶች ሲታዩ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልገው ፒሲአር ምርመራ ብዙ ጊዜ ምንም አያገኝም፤ ስለዚህ የፒሲአር ኔጌቲቭ ውጤት በሽታው የለም አያሰኝም። በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚገኘው አይጂኤም (በኢንፌክሽን መጀመሪያ ላይ የሚመረት) አንቲቦዲ አሁንም ዋናው መመርመሪያ ነው፤ ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍምና፣ እዚያ መገኘቱ ኢንፌክሽኑ አንጎል መድረሱን ያመለክታል። ከዘመዳሞቹ ቫይረሶች ለመለየት ደግሞ በሕያው ቫይረስ የሚሠራ፣ አንቲቦዲው የትኛውን ቫይረስ እንደሚያከሽፍ የሚለካ የማክሸፍ ምርመራ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ወር ኤንኤስ5 በተባለው የቫይረሱ ጂን ላይ የሚያርፉ ፕራይመሮችን (ፒሲአር ማባዛቱን የሚጀምርባቸውን አጫጭር የዘረመል ቁራጮች) በራሴ ለመንደፍ እሞክራለሁ፤ የመጀመሪያ ረቂቄን የተገላቢጦሹን ፕራይመር ሳልገለብጥ እንደጻፍኩት ከወዲሁ ደርሼበታለሁ።